ሠላሳ አንድ የሌለበት ሰዓት

ሰው ሲጨብጠኝ ዓይኔ የሚያርፈው ፊቱ ላይ ሳይሆን አንጓው ላይ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ይህን ጠባዬን የማያውቅ የለም። ገሚሱ የሰው ንብረት ትመኛለች ይላል፤ ገሚሱ ባል ቢጠፋ ሰዓት አገባች እያለ ያሾፍብኛል። ሁለቱም አላወቁልኝም። እኔ የምፈልገው አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። የሌላውን ሁሉ ዘር ማንዘር ያጠናሁት እሱን ስፈልግ ነው።

አባቴ ሰዓት ሠሪ ነበር። ወደ ገበያ በሚወርደው መንገድ፣ አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ፣ አራት የእንጨት እግር የተተከለላት የመስታወት ሣጥን ነበረችው። ከኋላዋ ይቀመጥና ማጉያውን አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ከጤፍ የምታንስ ብሎን በወረንጦ ሲያነሳ ትንፋሹን ይይዛል። የማይድን ሰዓት ሲገጥመው አይናደድም፤ "ይኼ እንኳ ጋፋት ይሂድ" ብሎ ይመልሰዋል። ጋፋት ከከተማችን ዳር ያለ፣ ዱሮ መድፍ የቀለጠበት፣ ዛሬ ገብስ የሚዘራበት ቦታ ነው። ባለ ሰዓቱም ይስቅና ሰዓቱን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል።

አባቴን ከሌላው ሰዓት ሠሪ የሚለየው አንድ ሥራ ነበር። በንጉሡ መጨረሻና በደርግ መጀመሪያ አካባቢ ቀን የሚያሳይ ትንሽ መስኮት ያለው የስዊዝ ሰዓት ወደ እኛ አገር በርከት ብሎ ገብቶ ነበር። መስኮቷ ሥር ያለው ቀለበት እስከ ሠላሳ አንድ ይቆጥራል። የእኛ ወር ደግሞ ሠላሳ ላይ ያበቃል። አንድ የጋፋት ገበሬ በዚህ ምክንያት መከራውን አየ። ሰዓቱ ሠላሳ አንድ ሲለው አምኖ አንድ ቀን ወደ ኋላ ቀረና፣ ዛሬ ሃያ ሁለት ነው ብሎ በሬ ጠምዶ ወጣ። ለካ ዕለቱ ጊዮርጊስ ኖሯል። በበዓል አረሰ ብሎ ጎረቤቱ ሁሉ አኮረፈው፤ የዚያን ክረምት በረዶም በእሱ አሳበቡ። ሰውዬው ሰዓቱን አውልቆ አባቴ ሣጥን ላይ አስቀመጠና "ውሸታም አሰርህብኝ" አለው።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ባለ መስኮት ሰዓት እጁ በገባ ቁጥር ፊቱን ገልጦ ሠላሳ አንድ የሚለውን ቁጥር በጥቁር ቀለም ይደፍነው ጀመር። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ስለሚሞላው ቀኑ የሚገለበጠው ንጋት አሥራ ሁለት ላይ ነው። ባለቤቱ ጠዋት ተነስቶ መስኮቷ ላይ ጥቁር ነጥብ ካየ ወር ገብቷል ማለት ነው፤ አንድ ላይ እስኪደርስ ይገፋዋል። "ጳጉሜን ግን ራሳችሁ ተጠንቀቁ፤ ለእሷ መድኃኒት አላገኘሁም" ይላቸው ነበር። ሌላም ልማድ ነበረው። የከፈተውን ሰዓት ሁሉ ክዳኑን ከውስጥ በኩል በመርፌ ይጭርና ወሩንና ዓመቱን በግእዝ ቁጥር ያስቀምጣል። ሦስት አራት ዓመት ካልሞላው ሰዓት አይከፈትም፤ ቶሎ ቶሎ የተከፈተ ሰዓት አቧራ ይለምዳል ይል ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ለውትድርና ሲወሰድ አባቴ የራሱን ሰዓት ፈታ። ማሽኑ በአሥራ ሰባት ጥቃቅን ቀይ ድንጋይ ላይ የሚዞር፣ ፊቱ የወተት ቀለም ያለው፣ ቁጥሮቹ በቀጫጭን መስመር የተሠሩ ጥሩ ሰዓት ነበር። የሰው ሰዓት ሲደፍን ኖሮ የራሱን አልደፈነም ነበር። ያን ዕለት ሊደፍን ቁጭ አለና ብሩሹን መልሶ አስቀመጠው። ቀለሙን ወደ እኔ ገፍቶ "አንቺ ድፈኚው" አለኝ። የሁለት ዘለላ ፀጉር ብሩሽ ይዤ ሠላሳ አንድን ደፈንሁ፤ ደፍኜም ሳነሳ ቀለሙ አመለጠኝና ጎን ያለችው አንድ ቁጥር ከእግሯ ሥር ጭራ አበቀለች። አባቴ ሊጠርገው ጨርቅ አነሳ። ወንድሜ ሳቀ። "ይተውት አባዬ፤ ወር በገባ ቁጥር የዚችን ቀልቃላ ሥራ እያየሁ እስቃለሁ" አለ። በነጋታው ሄደ።

የመጣው ደብዳቤ ሁለት ነው። ከዚያ ዝም አለ። ደርግ ሲወድቅ መንገዱ ሁሉ ከየጦር ሜዳው በሚመለስ ወታደር ተሞላ፤ በባዶ እግሩ የሚያነክሰው፣ ውኃ የሚለምነው፣ የሚያለቅሰው። እናቴ ደጃፍ ላይ እንስራ ሙሉ ጠላ አኑራ አላፊውን ሁሉ እየቀዳች ፊቱን ታያለች። ወንድሜ ከመካከላቸው አልነበረም። ክረምቱ አለፈ። ዘመድ ተሰብስቦ ፍትሐት ይፈታለት፣ እርምሽን አውጪ ቢላት እናቴ አሻፈረኝ አለች። "መርዶ አልመጣልኝም" አለች። እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ሰው መሞቱ የሚታወቀው መርዶ ነጋሪ ሲመጣ ነው፤ ንጋት ላይ፣ ጎረቤቱን አስከትሎ፣ ደጃፍሽ ላይ ሲቆም። በእኛ ደጃፍ ማንም አልቆመም። እሷም ማታ ማታ መዝጊያውን ሳትቀረቅረው ታድራለች።

ከዚያው በዓመቱ፣ የሐምሌ ዝናብ መሬቱን ሲያጨቀየው፣ አባቴ ከሥራ ጭንቅላቱን ተላጭቶ መጣ። በዚያ ብርድ! እናቴ ጥሬ ስታምስ ነበር፤ ማማሰያውን ጣለችና "ምን ሆነሃል?" አለችው። "ራሴን አሳከከኝ" አለ። ሁለታችንም ሳቅንበት። እኔማ ቅል መስለሃል ብዬው፣ ሰው በሰኔና በሐምሌ ቆብ ይገዛል እንጂ ፀጉር ይላጫል ወይ እያልሁ ሳምንት ሙሉ አላገጥሁበት። እሱም ጋቢውን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ እሳት ዳር ይቀመጣል።

አባቴ ጥቂት ዓመት ኖሮ አረፈ። እናቴ ከእሱ በኋላ ቆየች፤ መዝጊያው እንዳልተቀረቀረ። ልትሞት ስትል እጄን ይዛ ያለችኝ ስለ ቤትም ስለ መሬትም አልነበረም። "ወሬውን ሳትሰሚ ፍትሐት እንዳታስፈቺ። በሕይወት ያለ ልጄን ስሙን ከሙታን ጋር እንዳታስጠሪብኝ" አለችኝ። እሺ አልኋት። ያን እሺታ ስል ምን እንደተሸከምሁ አላወቅሁም። ቤቱ ውስጥ እኔ ብቻ ቀረሁ። ወንድሜ ሞቶ እንደሆነ ካህን ሳይፈታው፣ ስሙ በቅዳሴ ሳይጠራ የቀረው በእኔ ነው። በሕይወት ካለ ደግሞ ቤቱን የሚጠብቅለት እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ከተማውን ለቅቄ መሄድ አልቻልሁም። አንድ ሁለት ሰው ለትዳር ጠይቆኝ ነበር፤ አንዱ የደሴ ሰው ነው፣ ደግ ሰው። ወንድሜ ቢመጣስ ብዬ እምቢ አልሁት። ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል፤ የሚቆጨኝ መሆኑን መደበቅም አልፈልግም።

ሰውን መፈለጊያ አጣሁ፤ ሰዓቱን ልፈልግ ተነሳሁ። ሰዓት እንደ ሰው አይደለም፤ ባለቤቱ ቢሞት ከእጅ እጅ ይዞራል፣ ይሸጣል፣ ይለወጣል እንጂ አይቀበርም። ካገኘሁት የያዘውን ሰው ከየት አመጣኸው እለዋለሁ፤ እሱም ከማን እንደወሰደው ይነግረኛል። የምሠራው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ያለቀለትን ፋይል ከአቧራ ውስጥ ፈልጎ ማውጣት እንጀራዬ ስለሆነ ነገሩ አልከበደኝም።

አንበሳሜ ገበያ፣ ወረታ፣ ጋይንት፣ ሬሳ ባጀበ ሕዝብ መካከል ሳይቀር የሰው አንጓ አያለሁ። ቀስ በቀስ የዚያን ዘመን ሰዓት ከሩቅ መለየት ቻልሁ። መስታወቱ ጉብ ያለ ፕላስቲክ ከሆነ የዚያ ዘመን ነው፤ ጠፍጣፋ ከሆነ በኋላ የመጣ ነው ወይም ተለውጦለታል። ማታ የሚያበራው ቀለም ወደ ሽሮ መልክ ከሄደ የጥንቱ ነው። ፊቱ አዲስ ሆኖ ጽሕፈቱ ወፈር ካለ ሌላ አገር እንደገና የተቀባ ነው፤ ሻጩ ቢምል ቢገዘት አላምነውም። ከዚያ መጠምዘዣውን ስቤ ቀኑን አዞራለሁ። ሠላሳ አንድ ከወጣ አመስግኜ እመልሳለሁ። ነጥብ ከወጣ አባቴ ነው። ቀጥሎ አንድ ትወጣለች። ንጹሕ ከሆነች ሰዓቱ የአባቴ ሥራ ነው፣ የወንድሜ ግን አይደለም።

እንዲህ ያለ ነጥብ ያለበት ሰዓት ከአሥር በላይ አገኘሁ። ባገኘሁ ቁጥር አባቴን መንገድ ላይ ያገኘሁት ይመስለኝና ደስ ይለኛል፤ ጭራ የሌላትን አንድ ሳይ ደግሞ ሆድ ይብሰኛል። የአንበሳሜውን አንዱን ገዝቼ ለማመሳከሪያ ቦርሳዬ ውስጥ ያዝሁት።

ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ በኋላ አንድ ከደቡብ የመጣ ወጣት መምህር ጎረቤቴ ተከራየ። እሱም ብቸኛ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣ ኮምፒዩተሩን ያውሰኝ ነበር። የድሮ ሰዓት የሚሰበስቡ ሰዎች በዓለም ዙሪያ የሚወያዩበት ቦታ እንዳለ አሳየኝ። የአንበሳሜውን ሰዓት ፎቶ አነሳንና "ይህን ዓይነት ነጥብ ያየ አለ ወይ?" ብሎ ጻፈልኝ። መልሱን ሲያነብልኝ ፊቱ ቀላ። "እትዬ፣ አንድ የማያውቅ ሰው ቀለበቱን አበላሽቶታል፤ አውጥታችሁ በደኅናው ቀይሩት ይላሉ" አለኝ። ደሜ ፈላ። "ንገራቸው፤ እዚህ አገር ሠላሳ አንድ የሚባል ቀን የለም በላቸው!" አልሁት። ልጁ ሳቀ፤ ጻፈላቸውም። ማንም አልመለሰልንም። ብቻ በዚያ ቦታ የወንድሜን ሰዓት ዓይነት አገኘሁት፤ ያን የወተት ፊትና ያን ቀጫጭን መስመር። ፎቶውን አሳትሞ ሰጠኝ፣ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍሁት። የወንድሜ ፎቶ አልነበረንም፤ በእሱ ቦታ ሰዓቱ ተሰቀለ።

እብናት የሄድሁት ለለቅሶ ነው፤ አብራኝ የምትሠራ ሴት እናቷ አርፈውባት። ወሩ በሠላሳ ነበር። ለቅሶውን ደርሼ መኪና ስጠብቅ ገበያው ዳር ያለ እህል መጋዘን በር ላይ አንድ ዘበኛ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሸበቶ ነው፣ አንድ እግሩን ዘርግቶ ነው የሚቀመጠው። እጁን ወደ ግንባሩ ሲያነሳ ሰዓቱን አየሁት። የወተት ፊት።

"ጋሼ፣ ሰዓትዎትን ልየው?" አልሁ።

"ምነው እቴ፣ መሽቶብሽ ነው?" አለና ሳይፈታው እጁን ዘረጋልኝ።

"ይፍቱልኝ፤ አልነካብዎትም" አልሁት። የማልነካው ውሸቴን ነው። ፈታና ሰጠኝ። መጠምዘዣውን ስቤ አዞርሁ። ሠላሳ ሄደ፤ ነጥቡ መጣ። ደግሜ አዞርሁ። አንድ መጣች፣ ከእግሯ ሥር ጭራ አላት። የእኔ እጅ ነው። የዚያን ዕለት ያመለጠኝ ቀለም።

ሰውዬው አየኝ እንጂ አልተቆጣም። እኔ ከቦርሳዬ የአባቴን መክፈቻ ቢላ አውጥቼ ክዳኑን ከፈትሁት። ክዳኑ ውስጥ፣ ወንድሜ በሄደ ጊዜ ከተጫረችው መስመር ሥር፣ በመርፌ የተጫረ ሌላ አራት መስመር አለ። አራቱም የአባቴ እጅ፣ አራቱም ወራቸው አሥራ አንድ፣ ሐምሌ። የመጀመሪያው ዓመት ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነው፤ ሌሎቹ ተከታትለው ይሄዳሉ። ሰዓት በየዓመቱ አይከፈትም ይል የነበረው አባቴ ይህንን አራት ዓመት በተከታታይ ከፍቶታል። መጀመሪያ ያሰብሁት ወንድሜ ተመልሶ ነበር ብዬ ነው፤ በሕይወት አለ ብዬ። አንድ ትንፋሽ ያህል እንዲያ አሰብሁ።

"የሰዓት ሠሪው ልጅ ነሽ" አለኝ ሰውዬው። ጥያቄ አልነበረም።

ከድንጋዩ ላይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ሰጠኝ። ከወንድሜ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። ወንድሜ ቆስሎ ሁለት ቀን ቆየ። "አባቴ ደብረ ታቦር ሰዓት ሠሪ ነው፤ ይኼን አድርስልኝ" ብሎ ፈትቶ ሰጠው። ሰውዬው ተማረከ፣ ካምፕ ከረመ፣ እግሩ እስኪድን አገሩ ተኛ። በዓመቱ ሐምሌ ላይ ሰዓቱን ይዞ አባቴ በረንዳ ላይ ቆመ።

"ሽማግሌው ተቀበሉኝና ከፈቱት" አለኝ። "እንዴት እንደሞተ ነገርኋቸው። አጠቡት፣ ዘይት አስነኩት። ሲጨርሱ መልሰው እኔው እጅ ላይ አሰሩት። ኧረ የእርስዎ ነው ብላቸው፣ 'ቤት ካስገባሁት እናቱ ታውቃለች። እሷ በተስፋ ነው የቆመችው፤ ይኼን ብነግራት አትከርምም' አሉ። 'አንተ እሰረው፤ ወር በገባ ቁጥር ግፋው። በየሐምሌው እያመጣህ አሳየኝ' አሉኝ። አራት ዓመት ወሰድሁላቸው። በአምስተኛው ስሄድ በረንዳው ላይ ሌላ ሰው ጫማ ይሰፋል።"

"እኔስ?" አልሁ። ድምፄ ከገበያው ጫጫታ በላይ ወጣ። "ለእኔ ለምን አልነገረኝም?"

አንገቱን ደፋ። "ጠይቄያቸው ነበር፤ ሌላ ልጅ የለዎትም ወይ ብዬ። 'አለችኝ፤ ግን ፊቷ ምሥጢር አይዝም። ዛሬ ብነግራት እናቷ ነገ ከፊቷ ላይ ታነበዋለች' አሉ።"

አላለቀስሁም። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። አባቴን እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠላሁት። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ገበያ፣ እምቢ ያልሁት የደሴ ሰው። ይህ ፊቴ! ቀጥሎ የተላጨው ጭንቅላቱ ትዝ አለኝ። ሐምሌ ነበር። ልጁ ሞቶበት ብቻውን ተላጭቶ ቤት ገባ፤ እኔ ደግሞ ቅል መስለሃል ብዬ ሳቅሁበት። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም።

"አሁን እናቱ አሉ?" አለኝ ሰውዬው።

"የሉም።"

"እንግዲያማ ቤቱ ይግባ" አለና ሰዓቱን መዳፌ ላይ አድርጎ ጣቶቼን አጠፈልኝ። አንጓው ላይ ፀሐይ ያልነካው ነጭ ቀለበት ቀርቷል። ባዶ እጁን ማየት አልቻልሁም። ከቦርሳዬ የአንበሳሜውን አውጥቼ አሰርሁለት፤ "ይኼም እሱው የደፈነው ነው፤ ይግፉት" አልሁት። እሺ አለኝ።

የዚያ ዘመን ሰዓት ቀኑ ወደ ኋላ አይመለስም። ወደ ሠላሳ ለመመለስ ወሩን ሙሉ ማዞር ግድ ነው። መኪና ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ሁለት፣ ሦስት እያልሁ ሳዞር ደብረ ታቦር ደረስሁ። ጎኔ የተቀመጠችው ሴት "ተበላሽቶብሽ ነው?" አለችኝ። "የለም፣ ደኅና ነው" አልኋት።

ንጋት ላይ መደብ ላይ ተቀምጬ መስኮቷን አየሁ። አሥራ ሁለት ሲሞላ ሠላሳ ወረደና ነጥቡ ወጣ። የመርዶ ሰዓት ነበር። ጆሮዬን ወደ በሩ አቀናሁ፤ የሚመጣ እግር የለም። ማን ይምጣ? የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሰዓቱን ወደ አንድ ገፋሁትና ድምፄን አውጥቼ "ወንድምሽ ሞቷል" አልሁ። ቤቱ ውስጥ ማንም አልጮኸም። መቀስ አንስቼ ፀጉሬን ከሥሩ ቆረጥሁት።

በሩን ስከፍት ጎረቤቴ ጀሪካን ተሸክማ ከቧንቧ ስትመለስ ተገጣጠምን። ቆመች። "ውይ በሞትሁት! ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ። ራሴን አሳከከኝ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ፊቴ ምሥጢር አይዝም።

"ወንድሜ ሞቶ" አልኋት።

"መቼ?"

"ዛሬ ሰማሁ።"

ጀሪካኑን አስቀመጠች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ጩኸቷን ለቀቀችው፤ በየቤቱ መዝጊያ መከፈት ጀመረ።